የጋልገሎ ግራ ዓይን

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የከብት መድኃኒት በሰው ቅንድብ ላይ ነፋሁ። ይህን የምጽፈው ለማሳቅ አይደለም፤ ጋልገሎን ያወቅሁት እንዲህ ስለሆነ ነው።

ዘመኑ በኬንያ አቆጣጠር የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ነበር። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በአገሬ ሳለሁ የጦር ሠራዊት ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ እሰፋለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ፣ በስደተኛ ካምፕም ኖርኩ፣ በመጨረሻ እዚሁ ቀረሁ። የከተማው ሰው በስዋሂሊ "ዳክታሪ" ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብዬ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

በዚያ ቀን አብዲ እየሮጠ መጣ። አብዲ ጡረታ የወጣ የወኅኒ ቤት ጠባቂ ነው፤ በአገልግሎት ዘመኑ ቦክሰኛ ነበር። ቡርጂ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ አማርኛን ከአባቱ ሱቅ የለመደ። "ዳክታሪ፣ መስፊያህን ይዘህ ና፣ ልጄ ፊቱ ተተረተረ" አለኝ። የወለደው ልጅ መስሎኝ ተከተልኩት።

የወሰደኝ ቦክስ ወደሚታይበት የከተማው አዳራሽ ነው። መሀሉ ላይ በገመድ የታጠረ መድረክ አለ። አንዱ ማዕዘን ላይ አንድ ግዙፍ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ደሙ ከቅንድቡ እስከ ደረቱ ይወርዳል። መርፌዬን ሳወጣ አብዲ እጄን ያዘኝ። "መስፋት በኋላ ነው። አሁን ያለህ አርባ ሰከንድ ነው፤ ደሙን ብቻ አቁምልኝ።"

በኪሴ የነበረው የከብት ቁስል ላይ የሚነፋው ሰማያዊ መድኃኒት ብቻ ነው። ነፋሁበት። ሰውየው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ "ያቃጥላል ጋሼ" አለ በአማርኛ። ደውሉ ሲደወል ተነሥቶ ሄደና ባላጋራውን በሦስተኛው ቡጢ ዘረረው። ሳምንት ሙሉ በሰማያዊ ቅንድብ ከተማውን ዞረበት። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኑ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

ጋልገሎ ኦቦ የሚባለው መንደር ልጅ ነው፤ ቦረና። ድርቅ የአባቱን ከብት ሲጨርሰው ሞያሌ ዳር ወዳለው ሄሉ መጥቶ በከብት ገበያው ጫኝ ሆነ፤ አማርኛውንም እዚያው ከማዶ ነጋዴዎች ለመደ። የጫኝ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰንጋን በሳንቃ መወጣጫ ገፍቶ ሎሪ ላይ ማውጣት ነው። አንድ ቀን ሳንቃው ተንሸራቶ ሰንጋው ሊወድቅ ሲል ጋልገሎ ከሥር ገብቶ በትከሻው ደግፎ አቆመው። አብዲ ይህን አይቶ ነው "ና ቦክስ ላስተምርህ" ያለው።

"ያበላል?" ብሎ ጠየቀው ጋልገሎ።

"እንጃ። እኔን አላበላኝም" አለው አብዲ። አብዲ እንዲህ እውነቱን የሚናገር ሰው ነበር፤ ያኔ።

የእኔን ሥራ ለማታውቁ ልንገራችሁ። በሁለት ዙር መካከል አንድ ደቂቃ አለ። ቦክሰኛው መጥቶ እስኪቀመጥ አሥር ሰከንድ ይሄዳል። ረዳቶች ውጡ ሲባል አሥር ሰከንድ ይቀነሳል። የቀረው አርባ ነው። በዚያች አርባ ሰከንድ ፊቱን በፎጣ አደርቃለሁ፣ ደም የሚያቆም አድሬናሊን ውስጥ የነከርኩትን ጥጥ ቁስሉ ውስጥ አስገብቼ እጫናለሁ፣ እስኪደርቅ አላነሣም፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን እለቀልቃለሁ። ቡጢ ሲያርፍበት እንዲንሸራተት ነው። ጥጡን በስንጥር ጫፍ ጠቅልዬ ጆሮዬ ላይ እሰካዋለሁ፤ ኪስ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጊዜውን ጨርሷል።

ለእብጠት የሚሆን የቀዘቀዘ ብረት ያስፈልጋል። ናይሮቢ ለዚሁ የተሠራ ይሸጣል። እኔ ግን ከሱቁ ሚዛን የግማሽ ኪሎውን ብረት ወስጄ ለስላሳ መጠጥ ከሚሸጠው ጎረቤቴ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው ነበር። እስከ መጨረሻው በእሱው ሠራሁ። ባለ ሱቁ ሚዛኑ ጎደለብኝ እያለ ሲያጉረመርም ኖረ።

ማዕዘኑም የራሱ ማዕረግ አለው። አለቃው አሠልጣኙ ነው። ምክር የሚሰጠው እሱ፣ ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን የማስቆም ሥልጣንም የእሱ ነው። የፊት ጠባቂ፣ ማለት እኔ፣ ፊት ይጠብቃል፤ አፉን አይከፍትም። አብዲ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነገረኝ፤ እኔም ወታደር ስለነበርኩ አልከበደኝም።

ለኬንያ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ናይሮቢ የወረድን ጊዜ ኢሲዮሎ ኬላ ላይ አውቶቡሱን አስቆሙት። ከሰሜን ለሚመጣ ሰው የተለመደ ነው፤ ይወርዳል፣ ይሰለፋል፣ ኪፓንዴውን፣ ማለት መታወቂያውን፣ ያሳያል። ኬንያዊ መሆኑን በየኬላው ማስረዳት አለበት። እኔ መጤ ነኝ፣ አይከፋኝም። የጋልገሎ ግን አያቱም እዚሁ ነው የተወለደ። አስካሪው፣ ማለት የኬላው ፖሊስ፣ ካርዱን ገልብጦ ገልብጦ አየና "ይህ የአንተ ፊት ነው?" አለው። ጋልገሎ ካርዱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የከፋው ያኔ ነው አልኩ በልቤ።

ናይሮቢ ላይ ሻምፒዮኑን በአራተኛው ዙር ጣለው። ስንመለስ እዚያው ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሰው ሁሉ ካርዱን አወጣ፤ ጋልገሎም አወጣ። አስካሪው ገብቶ ሲያየው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ቢንግዋ!" አለው፤ ሻምፒዮን ማለቱ ነው። ሰላምታ ሰጥቶት ወረደ፤ የማንንም ካርድ ሳያይ አውቶቡሱን ለቀቀው። ጋልገሎ ካርዱን እንደያዘ ማርሳቢት ደረስን። "ጋሼ፣ አልጠየቀኝም እኮ" አለኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ ደገመው። ለእሱ የሻምፒዮን ቀበቶው ማለት ይህ ነበር። ሌላው ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

ሞያሌ ስንገባ ሎሪዎች ከሄሉ እስከ ድንበሩ ተሰልፈው ጥሩንባ ነፉ። ከማዶ፣ ከኢትዮጵያዋ ሞያሌም፣ ሰው ተሻግሮ መጣ። "የእኛው ልጅ ነው" ይላሉ እነሱ፤ "የት አባታችሁ አውቃችሁት" ይላሉ እነዚህ። ሁለቱም እያነሡ ወደ ላይ ሲወረውሩት ክብደቱን አልቻሉትምና ጣሉት። ሳቀ። ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ አሁን አሁን አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ቀበቶ ሆነለት። ፎቶው ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ጀርባ ላይ ተሳለ፣ ስሙ በሬዲዮ ተጠራ። ዓመታት ነገሠ። ከዚህ ከእኛ አቧራ የወጣ ሰው ናይሮቢ ሲሄድ በየኬላው ሻይ ይጋበዝ ነበር።

ማዕዘናችን ውስጥ የምንነጋገረው በአማርኛ ነበር። አብዲ ያመጣው ዘዴ ነው። ስዋሂሊውን ሁሉም ይሰማል፤ ኦሮምኛ የሚሰማ የሰሜን ልጅም ከየጦር ሠራዊት ክለቡ አይጠፋም። አማርኛ ግን ቦክስ ቤት ውስጥ የሚሰማ ገጥሞን አያውቅም። ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር ሐበሻ ሞልቶ ነበር፤ እሱ ግን ለንግድ እንጂ ለቡጢ አይመጣም። ስለዚህ እንደ ልባችን እንጮሃለን፤ "ጎኑን ነው፣ ደክሞታል፣ አሁን ግባ" እያልን። ባላጋራው ምን እንደምንል ግራ ገብቶት ያየናል። ሚስጥር የምናወራ ሳይሆን በር ዘግተን ቤታችን ያለን ይመስለን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሞምባሳ ላይ ነው። ቀበቶውን ሲከላከል የባላጋራው አውራ ጣት ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። አሸነፈ። ዓይኑ ቀላ፣ ከዚያ ዳነ፤ እኔም ዳነ ብዬ መዝገቤ ላይ ጻፍኩ።

ከወር በኋላ ሄሉ ከብት ገበያው ዳር ስንለማመድ ጋልገሎ በእጁ አየሩን መታ መታ አደረገ። "ይህ ዝንብ" አለ። ዝንብ አልነበረም። በሌላ ቀን ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው። ከሱቄ ሲወጣ የበሩን ግራ መቃን በትከሻው መታው፤ ሁለት ቀን ተከታትሎ መታው።

አስቀምጬ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩና ጣቴን ከግራ ጆሮው ወደ አፍንጫው ቀስ አድርጌ አመጣሁ። "ስታየው ንገረኝ" አልኩት። ጣቴ አፍንጫው ጋ ደረሰ፤ አልተናገረም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"መጀመሪያ ብልጭታ ነበር ጋሼ። ከዚያ ዝንብ። አሁን መጋረጃ ነገር ከጎን ይመጣል።"

ድሬሰር ነኝ፣ ዓይን ሐኪም አይደለሁም። ግን ብልጭታ፣ ዝንብና መጋረጃ በተራ ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ ያስተማሩን ነገር ነው። በቶሎ ሐኪም ያየዋል፤ ካላየው ዓይኑ ይጠፋል። "ነገ ናይሮቢ እንሄዳለን" አልኩት።

ጋልገሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ሁለት እጄን ያዘኝ። ያን የሚያህል ሰው። "ሐኪም ካየኝ የቦክስ ፈቃዴን ይነጥቀኛል። የቀረችኝ አንዲት ግጥሚያ ናት ጋሼ። እሷን ልዋጋና በራሴ ፈቃድ ልውረድ። ቀበቶውን ከነጠቁኝ ደግሞ ኪፓንዴህን አሳይ ልባል ነው።"

አብዲን ጠራሁት። አብዲ እውነት ተናጋሪው ነው፣ እሱ እንቢ ይላል ብዬ ነበር። አብዲ ግን ዓይኑን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ከዚያ "ዓይን ካነሰው እናውሰው" አለ። ያወጣው ዘዴ ይህ ነው። የባላጋራ ቀኝ እጅ የሚመጣው በጋልገሎ ግራ፣ በማያይበት በኩል ነው። ስለዚህ እኔ ከማዕዘኑ ሆኜ የባላጋራውን ቀኝ ትከሻ ብቻ አያለሁ። ትከሻው ሲነሣ "ግራ!" ብዬ እጮሃለሁ። ጋልገሎ ግራ እጁን ወደ ጆሮው ያነሣል። ቡጢው ጓንቱ ላይ ያርፋል።

ወራት ተለማመድነው። መጀመሪያ እዘገይ ነበር፤ በኋላ ትከሻው ሳይነሣ ከእግሩ አወቅሁት። "ግራ" ስል እጁ ይነሣል። ሰው ሆኜ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያንን የመሰለ ትክክል ሥራ የለኝም፤ ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። ይኸው ነው የሚያሳፍረኝ። ሐኪም የማሳይበትን ጊዜ አፌ ላይ "ግራ" ማለትን ስለማመድ አሳለፍኩት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም ዝም አልኩ።

ግጥሚያው ናይሮቢ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ። ዋዜማው የሐኪም ምርመራ ነው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሥራቸውን የሚያከብሩ ሰው። የፊደል ሰሌዳውን ሰቅለው "ግራህን ሸፍነህ አንብብ" አሉት። አነበበ። "አሁን ቀኝህን።" ጋልገሎ ቀኙን ሸፍኖ ያንኑ በቃሉ ደገመው።

ሐኪሙ ሊጽፉ አጎነበሱና ቀና ብለው እኔን አዩኝ። "እኔ የማየው አሥር ደቂቃ ነው። አንተ ፊቱን በየቀኑ ታያለህ። ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?" አሉኝ በስዋሂሊ።

ጋልገሎ አላየኝም፤ የቆምኩት በግራው በኩል ነበር። የጥያቄው መልስ እዚያው ፊታችን ቆሞ ነበር ማለት ነው።

"ሃኩና" አልኩ። የለም ማለት ነው። አመስግነውኝ ፈረሙ።

ባላጋራው ከካምፓላ የመጣ ዩጋንዳዊ ነበር፤ ረጅም፣ ቀኝ እጁ ከባድ። በማዕዘኑ ሦስት ሰዎች አሉት። አንደኛው ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ያጠለቀ፣ ሽበታም፣ ቀይ ዳማ ሰው ነው። ሲያወራ አላየሁትም። ባልዲና ስፖንጅ ይዞ ቆሟል።

አንደኛው ዙር እንደ ልምምዱ ሄደ። "ግራ!" ስል እጁ ይነሣል፣ ቡጢው ጓንት ይመታል። ሁለተኛው የጋልገሎ ነበር፤ ሰውየውን ሁለት ጊዜ ገመድ ላይ አስደገፈው። ሕዝቡ ይጮሃል። አብዲ ጆሮዬ ላይ "አየህ?" አለኝ።

በእረፍቱ ቅንድቡን እየተጫንኩ፣ እንደ ወትሮው ድምፄን ሳልቀንስ፣ "ሁለት ጊዜ ዘግይቼብሃለሁ፤ ግራህ ምንም አያይምና ካልጠራሁም እጅህን አታውርድ" አልኩት። ቤታችን ያለን ይመስለን ነበር ብዬ የለ? ቀና ስል ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ስፖንጁን እንደያዘ ቆሞ ወደ እኔ ያያል። ቡጢኛው ተቀምጦ ውኃ ይጠብቃል፤ እሱ ግን እኔን ያያል። ልብ አላልኩትም።

ሦስተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ለአሠልጣኙ፣ አሠልጣኙም ለዩጋንዳዊው፣ በጆሮው ሲነግረው አየሁ። ከዚያ "ግራ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጠራሁት ግን እኔ አልነበርኩም።

ከማዶ ማዕዘን ነበር። ጥርት ያለ የመሀል አገር አማርኛ። የጋልገሎ እጅ ወደ ጆሮው ተነሣ፤ ክንዱ ሲነሣ ጎድኑ ባዶ ቀረ። ቡጢው እዚያ አረፈ። ደገመ፤ "ግራ!" እጁ ተነሣ፣ ጎድኑ ተመታ። ጋልገሎ ወደ እኔ ዞረ። ሁለት ድምፅ ነው የሚሰማው፤ የትኛው እኔ እንደሆንኩ አላወቀም። አብዲ ትከሻው ላይ ያለውን ፎጣ ጨበጠ። "ጉዳችን ፈላ" ብቻ አለ።

አራተኛውን እንዴት እንደጨረስነው አላውቅም። በእረፍቱ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ አትጥራ" አለኝ። ጥሪውን ተወነው። አምስተኛው ላይ ትከሻው ሲነሣ እያየሁ አፌን ዘጋሁ። ቡጢው ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አልወደቀም። ሰንጋ ደግፎ የቆመ ሰው ነው፣ መች ይወድቃል። መውደቅ ባለመቻሉ ነበር የሚጎዳው። አንገቱን ወደ ግራ እያዞረ ቡጢው ከየት እንደመጣ ይፈልግ ነበር።

"ጣለው" አልኩት አብዲን።

"ትንሽ ቆይ።"

"አብዲ፣ ፎጣውን ጣለው!"

"ሻምፒዮን ነው፣ በፎጣ አይወርድም" አለኝ። ፎጣውን ከትከሻው ላይ ነጠቅኩት። ሥልጣኑ የእኔ አይደለም፤ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ማዕረግ የጣስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ፎጣው የዳኛው እግር ሥር ወደቀ። ዳኛው በሁለቱ መካከል ገባ። ጋልገሎ ፎጣውን ሳያይ ረግጦት አለፈ።

በኋላ በመተላለፊያው ውስጥ ባለ ባርኔጣው ሰውዬ ባልዲውን ይዞ ሲያልፍ መንገድ ዘጋሁበት። ልመታው ነበር። ዕድሜዬን አስቡት።

"ሐበሻ ነህ" አልኩት።

"ነኝ። እንደ አንተው ወታደር ነበርኩ። ካምፓላ ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው።"

"ሰው ታሳውራለህ ወይ? እግዚአብሔርን አትፈራም?"

ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። "ወንድሜ፣ እኔ የሰማሁትን ለልጄ ነገርኩ፤ የቆምኩት ለእሱ ነው" አለኝ። "አንተ ያየኸውን ለማን ነገርክ?"

ከመንገዱ ዞር አልኩለት። ባልዲውን አንሥቶ "እንኳን ጣልከው። ትንሽ ብትዘገይ ይሞት ነበር" ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛ አይቼው አላውቅም። በየዓመቱ ግን አስበዋለሁ፤ ስሙን አለመጠየቄም ይቆጨኛል።

በማግስቱ ሆስፒታል ያየችው የዓይን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። ረጅም ሰዓት አየችውና ከክፍሉ ወጥታ እኔን ጠራችኝ። "ይህ የእሑዱ ጉዳት አይደለም። ጨርሶ ያበላሸው እሑድ ነው፤ የተቀደደው ግን ከወራት በፊት ነው። ዝንብ አየሁ ያለ ጊዜ አምጥታችሁት ቢሆን ይሰፋ ነበር" አለች።

ይሰፋ ነበር አለችኝ፤ መስፋት ሥራዬ ለሆነው ለእኔ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ነርሶች የሞተበት ሰው መስዬአቸው ወንበር አመጡልኝ።

ለጋልገሎ የነገርኩት እኔ ነኝ። "የለመንኩህ እኔ ነኝ ጋሼ፤ አንተ ምን አደረግክ" አለኝ። ለምኖኛል፤ እውነት ነው። ሐኪሙ የጠየቁት ግን እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው።

ስንመለስ ኢሲዮሎ ኬላ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። የገባው አስካሪ አዲስ ሰው ነበር። ጋልገሎ ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተሸፍኗል። "ኪፓንዴ" አለው አስካሪው። ጋልገሎ ከኪሱ አውጥቶ ሲዘረጋ ካርዱ ከጣቱ አመለጠና በግራው በኩል ወደቀ። በእጁ ወለሉን ዳሰሰ፣ አጠገቡ ነበር፣ አላገኘውም። አስካሪው "ቶሎ በል" አለው። አጎንብሼ አነሣሁና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አስካሪው ካርዱን አየ፣ ፋሻውን አየ፣ መለሰለት።

አብዲ ከዚያ በኋላ ቦክስ አላሠለጠነም። የአባቱን ሱቅ ይዞ ተቀመጠ፤ እኔን ሲያይ ስለ ዝናብ ያወራል። ጋልገሎ ሄሉ ላይ ከብት ይነግዳል፤ ተሳክቶለታል። ገበያ ላይ አሁንም "ቢንግዋ" የሚሉት አሉ። ልጆቹ ማታቱ ላይ የተሳለውን ፎቶ አላዩትም፤ ቀለሙ ለቋል።

ዓርብ ዓርብ ከገበያ አብረን እንመለሳለን። እኔ በግራው ነው የምሄደው። ዋናውን መንገድ ስንሻገር ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከማያይበት በኩል ከመጣ "ግራ" እላለሁ። እጁ ዛሬም ወደ ጆሮው ይነሣል። ከዚያ ትዝ ይለውና ያወርደዋል፤ ክንዴን ይይዝና እንሻገራለን።

አሁን አሁን ሥራውን ሊማሩ የሚመጡ አሉ። ጥጡን እንዴት እንደምነክር፣ ብረቱን የት እንደማቀዘቅዝ ይጠይቁኛል፤ አሳያለሁ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ለሌላ ሰው ይሆን ይሆናል፤ ማዕዘን ላይ ለሚቆም ሰው አይሠራም። የፊት ጠባቂ ያየውን ለሐኪም ይናገራል። ቦክሰኛው ቢለምነውም ይናገራል።